የዘር ምርጫና የዋግ መከላከያ፦ ለወሎ ስንዴ፣ ገብስና ማሽላ የትኛው ይሻላል?

ዋግ ቅጠልና ግንድ ላይ ዱቄት እያወጣ ሰብሉን የሚጎዳ የፈንገስ በሽታ ነው። የስንዴ ዘር ሲሸጥ «ዋግ ይቋቋማል» ይባላል። አባባሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለመምረጥ ግን አይበቃም። አንዱ ዝርያ ዋጉ የገባበትን ህዋስ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ገድሎ በሽታውን እዚያው ያስቀረዋል። ሌላው ዋጉን ያስገባውና ዕድገቱን እያጓተተ ፍሬው እስኪሞላ ያቆየዋል። ሌላው ደግሞ ቢጫ ዋግን ተቋቁሞ በግንድ ዋግ ያልቃል። አከሻሸፋቸውም አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ሲከሽፍ በአንድ ክረምት ማሳ ይወድማል፤ ሁለተኛው ሲዳከም ከምርቱ ይቀነሳል እንጂ ማሳው ባዶ አይቀርም። ስለዚህ ዘር ከመግዛት በፊት ተክሉ በምን እንደሚከላከል ማወቅ ያስፈልጋል።

በወሎ ይህን ማወቅ የሚያስፈልግበት ተጨማሪ ምክንያት አለ። ዋግ የሚኖረው ሕይወት ባለው ተክል ላይ ብቻ ነው፤ ገለባ ላይ ተቀምጦ ለከርሞ አይደርስም። በደላንታ፣ በመቄት፣ በለጋምቦና በወረኢሉ ደጋ በልግ ስለሚዘራ፣ የበልጉ ሰብል ገና አረንጓዴ እያለ የመኸሩ ቡቃያ ይወጣል። በቆቦ ጊራና ሸለቆና በቦርከና ዳርቻ በመስኖ የበጋ ስንዴ ከተዘራ ደግሞ ክፍተቱ ከነጭራሹ ይዘጋል። ዋጉ ዓመቱን ሙሉ የሚበላው አያጣም፤ ዓመቱን ሙሉ ሲራባ ደግሞ አዲስ ባሕርይ ያለው የዋግ ዘር የሚወጣበት ዕድል ይበዛል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስንዴ በሚዘራበት አገር ዘላቂ የሚመስል መከላከያ እዚህ ዕድሜው ሊያጥር የሚችለው በዚህ የተነሳ ነው።

ህዋሱ ጋ የሚሆነው

የግንድ ዋግ ብናኝ (የሚራባበት ዱቄት) ቅጠል ወይም ግንድ ላይ ካረፈ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሰዓት የሚቆይ ጤዛ ይፈልጋል። ሌሊት በጤዛው ይበቅልና ቀጭን ክር ያወጣል፤ ክሩ ተክሉ አየር የሚያስገባበትን ቀዳዳ ፈልጎ ላዩ ላይ ይለጠፋል፤ ሲነጋና ሲሞቅ በቀዳዳው ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ውስጥ ሲደርስ የአንዱን ህዋስ ግድግዳ ይበሳና ሃውስቶሪየም የሚባለውን ምግብ መምጠጫ አካሉን ያስገባል። የህዋሱን ስስ ሽፋን ግን አይቀድደውም፤ ገፋ አድርጎ በውስጡ ይቀመጣል እንጂ። ህዋሱ ከሞተ ዋጉም ይራባልና ተሸክሞት እንዲኖር ይፈልጋል። ከህዋሱ ስኳርና አሚኖ አሲድ ይወስዳል፤ በምትኩ የተክሉን መከላከያ የሚያፍኑ ፕሮቲኖችን ይልካል።

ተክሉም ዝም አይልም። መጀመሪያ የሚለየው የፈንገሱ ግድግዳ የተሠራበትን ካይቲን ነው። በህዋሱ ላይ ያሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች የካይቲን ስብርባሪ ሲነካቸው ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይመረታል፣ የፈንገስ ግድግዳ የሚያሟሙ ኢንዛይሞች ይዘጋጃሉ። ይህ የሁሉም እህል የጋራ መከላከያ ነው። የጤፍ ዋግ ስንዴን፣ የስንዴ ቢጫ ዋግ ጤፍን የማይነካው በከፊል በዚህ ነው። የስንዴው ዋግ ግን ይህን አጥር ማፈን ስለሚችል፣ የዝርያ ልዩነት የሚታየው ከዚህ ቀጥሎ ባሉት ሁለት መንገዶች ላይ ነው።

አንደኛው ምርጫ፦ በአንድ ትልቅ ጂን የሚቋቋም ዝርያ

እነዚህ ዝርያዎች በህዋሳቸው ውስጥ አንድ የተወሰነ የፈንገስ ፕሮቲንን ለይቶ የሚያውቅ ተቀባይ አላቸው። ለምሳሌ ኤስአር 35 የሚባለው ጂን (በዘር የሚወረስ የባሕርይ መመሪያ) የሚሠራው ተቀባይ የዋጉን ፕሮቲን ሲያገኝ አምስት ሆኖ ይጋጠምና በህዋሱ ሽፋን ላይ ካልሲየም የሚያስገባ ቀዳዳ ይሆናል፤ ህዋሱም ራሱን ይገድላል። ከሞተ ህዋስ መብላት የማይችለው ዋግ እዚያው ይቀራል። ቅጠሉ ላይ የሚታየው ዱቄት የሌለው ጥቃቅን ቢጫ ወይም ቡናማ ነጥብ ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ምንም አይታይም።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ከቡቃያ ጀምሮ ይሠራል፣ ቅጠሉ ንጹሕ ሆኖ ይከርማል፣ የመድኃኒት ወጪ የለውም። ችግሩ ዋጉ ከዚህ ለማምለጥ ያቺን አንዲት ፕሮቲን መለወጥ ወይም መጣል ብቻ የሚበቃው መሆኑ ነው። አንድ የግንድ ዋግ እብጠት በቀን እስከ 10,000 ብናኝ ይለቃል፤ ከዚህ ሁሉ አንዱ ከተለወጠና ያው ዝርያ በሰፊው ተዘርቶ ከተገኘ የሚያቆመው የለም።

በአገራችን ይህ ተደጋግሞ ታይቷል። እንቆይ የተባለው ስንዴ በ1993/94 እ.ኤ.አ. በግንድ ዋግ ወደቀ። ኩብሳና ገላማ በ2010 እ.ኤ.አ. በቢጫ ዋግ ተመቱ። ቢጫ ዋግን በመቋቋሙ የተወደደው ዲገሉ በ2013/14 እ.ኤ.አ. በባሌና በአርሲ ቲኬቲቲኤፍ በሚባለው የግንድ ዋግ ዘር ተጠቃ፤ ለግንድ ዋግ የተመካው ኤስአር ቲኤምፒ በሚባል አንድ ጂን ላይ ነበርና። በዓለም ደረጃም ራይ ከሚባለው እህል ወደ ስንዴ የተሻገረው ኤስአር 31 የተባለ ጂን ለብዙ ዓመታት ካገለገለ በኋላ በ1998 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ የተገኘው ዩጂ 99 የተባለ የግንድ ዋግ ዘር ሰበረው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ሙቀት ነው። ኤስአር 6 የሚባለው ጂን ቀዝቀዝ ባለ አየር በደንብ ይሠራል፤ ሙቀቱ ወደ 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲወጣ ይከሽፋል። ዋይአር 36 የሚባለው ጂን ደግሞ በተቃራኒው ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ቢጫ ዋግን ያዘገያል እንጂ በብርድ አይጠቅምም። ቢጫ ዋግ የሚበረታበት የለጋምቦ ደጋ ይህን ሙቀት አያገኝምና፣ ቆላ ላይ ተፈትኖ የተወደሰ ዝርያ ደጋ ወጥቶ ቢያሳፍር አይግረምዎ። ማስረጃ ሲጠይቁ «የት ከፍታ ላይ ተፈተነ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ሁለተኛው ምርጫ፦ ዋጉን የሚያዘገይ ዝርያ

እዚህ ህዋሱ አይሞትም። ዋጉ ይገባል፣ ግን ብናኝ እስኪያወጣ የሚወስድበት ጊዜ ይረዝማል፣ እብጠቱ ትንሽ ይሆናል፣ ቁጥሩም ያንሳል። የግንድ ዋግ በተጋላጭ ስንዴ ላይ ከገባ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ አዲስ ብናኝ ይለቃል፤ ይህ ዙር በእያንዳንዱ ትውልድ ጥቂት ቀን ከተጓተተ በአንድ የዝናብ ወቅት የሚገኘው የዙር ብዛት ይቀንሳል። ምርቱን የሚያተርፈው ይህ ነው።

ከእነዚህ ጂኖች ዝነኛው ኤልአር 34 ነው። የሚሠራው ፕሮቲን በህዋስ ሽፋን በኩል ቁስ የሚያጓጉዝ ሲሆን፣ ማንነቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ታወቀ። የአንድን ዋግ ዘር ለይቶ ስለማይፈልግ በቅጠል ዋግ፣ በቢጫ ዋግ፣ በግንድ ዋግና በዱቄታማ ሻጋታ ላይ በአንድነት ይሠራል፤ በዓለም ስንዴ ውስጥ ለመቶ ዓመት ያህል አገልግሎ እስካሁን የሰበረው የለም። ኤልአር 67 ደግሞ ከስኳር ማጓጓዣ ፕሮቲን የተገኘ ነው። ኤስአር 2 የሚባለው የግንድ ዋግ መከላከያ ወደ ዳቦ ስንዴ የገባው በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ማዳቀል ሲሆን፣ ምንጩ በወሎ ደጋም የሚዘራው የአጃ ስንዴ ወገን የሆነ ዝርያ ነው።

እነዚህ ጂኖች አንድ በአንድ ደካማ ናቸው። ኤልአር 34 ብቻውን ያለው ስንዴ በከባድ ክረምት ጉልህ ጉዳት ይደርስበታል። አራት ወይም አምስት ሲደራረቡ ግን ቅጠሉ ምንም ያልነካው እስኪመስል ይቋቋማል። በአገራችን በ2015 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው ኪንግበርድ የግንድ ዋግን በዚህ መንገድ በመቋቋሙ ይታወቃል።

ጉድለታቸውን ሳይሸፋፍኑ መናገር ይገባል። በቡቃያነት ይህ መከላከያ የለም ማለት ይቻላል፤ ግንዱ ሲዘረጋ ይጀምርና ከዛላው ሥር ባለው የመጨረሻ ቅጠል ላይ ይጠነክራል። ከበልግ ማሳ አጠገብ የተዘራ የመኸር ስንዴ ገና ቡቃያ ሳለ ብናኝ ከዘነበበት፣ የሚያዘገየው ጂን ከመነሳቱ በፊት ታችኛው ቅጠል ሊያልቅ ይችላል። እንዲህ ባለ ማሳ አንድ ቀደም ያለ ርጭት ሊያስፈልግ እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት ነው።

በዓይን የሚለዩበት ምልክትም አላቸው። ኤልአር 34 ያለው ስንዴ የመጨረሻው ቅጠል ጫፉ ቀድሞ ይደርቃል። ኤስአር 2 ያለው ዛላው ላይና ከአንጓው በታች ጥቁር ጥላሸት መሳይ ቀለም ያሳያል። ሁለቱንም አርሶ አደር ሲያይ በሽታ መስሎት ዘሩን ይጥላል፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም የሚጣለው ለማቆየት የሚገባው ነው። ነገር ግን በምልክቱ ብቻ መወሰንም አይቻልም። ድርቅና ውርጭም የቅጠል ጫፍ ያደርቃሉ፤ ጥቁር ዛላ በባክቴሪያም ይመጣል። ማሳው ውስጥ ሁሉም ተክል ላይ እኩል ከታየ የዝርያው ባሕርይ ነው፤ በጥጋጥጉ ወይም በእርጥቡ ቦታ ብቻ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

የፈተና ውጤት አነባበብ

የምርምር ማዕከላት የዋግ ውጤት የሚጽፉት በቁጥርና በፊደል ነው። ቁጥሩ ከግንዱ ወይም ከቅጠሉ ምን ያህል መቶኛ በዋግ እንደተሸፈነ ይናገራል፤ ፊደሉ የእብጠቱን ዓይነት፦ «አር» የሚቋቋም፣ «ኤምአር» በመጠኑ የሚቋቋም፣ «ኤምኤስ» በመጠኑ የሚጠቃ፣ «ኤስ» የሚጠቃ። ለማወዳደር ቁጥሩን በአር 0.2፣ በኤምአር 0.4፣ በኤምኤስ 0.8፣ በኤስ 1 ያባዙ። 40 ኤምአር 16 ይሆናል፤ 60 ኤምኤስ 48።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፊደሉን ብቻ አይቶ «ኤምኤስ ነው» ብሎ ይጥላል። የሚያዘገይ ዝርያ እብጠቱ ብናኝ ስለሚያወጣ ፊደሉ ብዙ ጊዜ ኤምኤስ ነው፤ ዋናው ቁጥሩ ነው። አጠገቡ የተዘራው ተጋላጭ ስንዴ 90 ኤስ ሆኖ እሱ 15 ኤምኤስ ላይ ከቆመ፣ ብዜቱ 12 ነውና ጥሩ ዝርያ ነው። ተጋላጩ ራሱ 10 ኤስ ብቻ ከሆነ ግን በዚያ ዓመት ዋግ አልነበረምና ውጤቱ ስለማንም አይናገርም። ከሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ሆነ ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት መረጃ ሲወስዱ፣ ተጋላጩ መነጻጸሪያ ስንት እንደነበረና ከአንድ ዓመት በላይ መታየቱን ይጠይቁ።

ታዲያ የትኛው የት?

በበልግና በመኸር ተከታትሎ ስንዴ በሚዘራበት ደጋ፣ ምርጫችን ያለ ማመንታት የሚያዘግዩ ጂኖች የተደራረቡበት ዝርያ ነው፤ ትልቅ ጂን ከተጨመረበት ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። ትልቁ ጂን ቡቃያውን ይጠብቃል፣ ቢሰበርም ከሥሩ የሚይዘው አለ። ለበልግና ለመኸር ያንኑ ዝርያ አለመዝራት፣ ከበልግ አጨዳ በኋላ ያለ ዘሪ የበቀለውን ስንዴ አርሶ መገልበጥ ከዘሩ እኩል ይጠቅማል።

በኩታበር፣ በተሁለደሬና በሐይቅ ዙሪያ ባለው ወይና ደጋ ሁለቱም ዋጎች ይገናኛሉ። ዓመቱ ቀዝቀዝ ካለ ቢጫው፣ ሞቅ ሲል የግንዱ ይበረታል። ቢጫው ቀድሞ በቅጠል ርዝመት በመስመር የተደረደረ ቢጫ ዱቄት ሆኖ ይመጣል፤ የግንዱ ዘግይቶ ቆዳውን ሰንጥቆ በቀይ ቡናማ ቀለም ይወጣል፣ በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል። ለሁለቱም ዋጎች የፈተና ውጤት የሌለው ዝርያ እዚህ አይመረጥም። ዲገሉን የጎዳው ይኸው ነበር።

በመስኖ በሚዘራ ቆላ ቀድሞ የሚደርስና በግንድ ዋግ የተፈተነ ዝርያ ያስፈልጋል። ትልቅ ጂን ብቻ ያለውን እዚህ መዝራት የሚቻለው በትንሽ ማሳና ዝርያውን በየጊዜው በመቀየር ነው፤ የበጋው ስንዴ ለደጋው መኸር የዋግ ምንጭ እንደሚሆን መርሳት አይገባም።

የአገር ውስጥ የማካሮኒ ስንዴ ድብልቅ ለሚዘሩ አንድ ቃል፦ በአንድ ማሳ የተለያየ መከላከያ ያላቸው ተክሎች ሲቀላቀሉ ብናኙ ከሚያርፍበት አብዛኛው ተክል የማይመቸው ስለሚሆን ስርጭቱ ይዘገያል። ምርቱ ከተሻሻለው ሊያንስ ይችላል፤ ግን ባዶ እጅ የሚያስቀርበት ዓመት ጥቂት ነው። ማዳበሪያ መግዛት ለማይችል ቤተሰብ ይህ የሚናቅ ምርጫ አይደለም።

ዋግ የሚቋቋም ሁሉ ሴፕቶሪያና ፉሳሪየም የሚባሉትን ሌሎች የፈንገስ በሽታዎች ይቋቋማል ማለት አይደለም። እነዚህ በመጨረሻ የሚበሉት ከሞተ ህዋስ ነውና፣ ህዋስን መግደል እነሱን አያስርብም። ዝናብ በሚያበዛ ደጋ የሴፕቶሪያ ውጤት ለብቻው ይጠየቅ።

ገብስ፦ ጥሩ መከላከያ፣ ለተሳሳተ በሽታ

በገብስ ላይ ዱቄታማ ሻጋታ የሚገባው በቀዳዳ ሳይሆን የላይኛውን ህዋስ ግድግዳ በቀጥታ በስቶ ነው። ህዋሱ የሚበሳበት ቦታ ላይ ከውስጥ ካሎዝ ከሚባል ነገር ጉብታ ይሠራል። ኤምኤልኦ የሚባለው ጂን ሥራውን ሲያቆም ይህ ጉብታ ፈጥኖና ጠንክሮ ይሠራል፤ ሻጋታውም አይገባም። ኤምኤልኦ 11 የሚባለው የዚህ ዓይነት መከላከያ የተገኘው ከኢትዮጵያ የገብስ ዝርያዎች ነው፤ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአውሮፓ የጸደይ ገብስ ውስጥ ገብቶ እስካሁን አልተሰበረም። የአባቶቻችን ገብስ ለዓለም ያበረከተው ይህን ነውና ሊያኮራን ይገባል።

ለወሎ ደጋ ገብስ አብቃይ ግን ይህ ዋና መመዘኛ መሆን የለበትም። ኤምኤልኦ ዋግን አያቆምም፣ በቅጠል ላይ ግራጫ ሞላላ ቁስል የሚያወጣውን ስካልድንም አያቆምም። ቅጠሉም ያለ በሽታ ነጠብጣብ ሊያወጣና ምርት ሊቀንስ ይችላል። እዚህ ደጋ ገብስ ሲመረጥ የስካልድና መረብ መሳይ ነጠብጣብ የሚያወጣው በሽታ የፈተና ውጤት ይቅደም።

ማሽላ

በቆቦና በሐብሩ ማሽላ ላይ ህዋሱ የሚከላከለው በቀለም ነው። አንትራክኖስ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ሊገባ ሲሞክር የተነካው ህዋስ ፈንገስ የሚመርዝ ቀይ ወይም ሐምራዊ ቁስ አምርቶ በራሱ ላይ ያፈሰዋል። ስለዚህ ትንሽ ሐምራዊ ነጥብ የተክሉ መልስ ነው፤ ብቻውን ተጋላጭነትን አያሳይም። ነጥቡ ሰፍቶ መሐሉ ላይ ጥቁር ፀጉራም ጠጠር መሳይ ነገር ካወጣ ፈንገሱ አሸንፏል፤ የዚያን ተክል ዘር ለከርሞ አያስቀምጡ። በአበባና በእሸት ጊዜ ዝናብ በሚያገኘው ቦታ፣ ታኒን ያለው ቀይ ማሽላ የፍሬ ሻጋታን ከነጩ የተሻለ ይቋቋማል፣ ወፍም አይደፍረውም፤ እንጀራው ግን ይመራል። ነጩን የሚመርጥ ሰው የሚደርስበትን ቀን ዝናቡ ካለፈ በኋላ እንዲውል አድርጎ ይዝራ።

ርጭት የሚገባው መቼ ነው?

ትራያዞል የሚባሉት መድኃኒቶች፣ ፕሮፒኮናዞልና ቴቡኮናዞል፣ ፈንገሱ ለሽፋኑ የሚፈልገውን ኤርጎስቴሮል እንዳይሠራ ያግዱታል፤ ከገባ ጥቂት ቀን የሆነውን ዋግም ይይዛሉ። ስትሮቢሉሪን ያለባቸው ደግሞ የብናኙን አተነፋፈስ ስለሚዘጉ ከመግባቱ በፊት ነው የሚጠቅሙት። ዱቄት ከሞላ በኋላ የተረጨ ማንኛውም መድኃኒት የደረቀ ቅጠል አይመልስም።

ከሁለቱ ዓይነት ጂኖች አንዱም የሌለው ተጋላጭ ዝርያ ላይ ቢጫ ዋግ በመጀመሪያ እንደታየ መርጨት ነው። በሚያዘገይ ዝርያ ላይ ዋጉ በታችኛው ቅጠል ቆሞ ከሆነ ይጠበቃል፤ የመጨረሻው ቅጠል ከመውጣቱ በፊት ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ ይረጫል።

ፕሮፒኮናዞል ያለበት ቲልት 250 ኢሲ ለሄክታር 0.5 ሊትር ነው። ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ 125 ሚሊ ሊትር በ50 ሊትር ውኃ ይሆናል፤ ለ16 ሊትር መርጫ 40 ሚሊ ሊትር። በቡሽ እየለኩ መጨመር ዋና የስሕተት ምንጭ ነው፤ የሚለካበት ስሪንጅ ወይም ጠርሙስ ይኑር። ሌላ መድኃኒት ከሆነ መጠኑ ከጠርሙሱ ላይ ይነበብ።

አረማመድዎ ልክ መሆኑን ለማየት 10 በ10 ሜትር ለክተው ንጹሕ ውኃ ይርጩ፤ 2 ሊትር መጨረስ አለበት። አንድ ሊትር ብቻ ከፈሰሰ እየፈጠኑ ነው፤ መድኃኒቱ በግማሽ ይደርሳል፣ በሕይወት የሚተርፈውም የለመደው ፈንገስ ይሆናል። ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ነፋስ ሳይነሳ ይርጩ፤ ዝናብ ከጠቆረ ያስቀሩት። ጓንት፣ ጭንብልና ቦት ጫማ ያድርጉ። ሁለተኛ ርጭት ካስፈለገ የአሠራሩ ዓይነት የተለየ መድኃኒት ይምረጡ፤ ከርጭቱ እስከ አጨዳ የሚጠበቀው ቀን በጠርሙሱ ላይ ተጽፏልና፣ እሸት ለሚቀጥፉ ልጆችም ጭምር አስቀድሞ ይነገራቸው።